የሰረዝኩት የሽንኩርት ወሬ

የምሠራው ዘመናዊ ቀፎና የንብ ማነቢያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። ከሽያጩ ሌላ አንድ ሥራ ተጨመረልኝ፤ ለትርፍ ጊዜያቸው ንብ የሚያነቡ ደንበኞቻችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን መሆን። «ምን አለው፣ ስልክህ እጅህ ላይ ነው» አለኝ አለቃዬ።

አለው እንጂ። አንዱ ንቦቹ ቀፎ ጥለው ለምን እንደሄዱ ይጠይቃል፤ መልስ ሳያገኝ አርሴናልና ማንቼ ይገቡበታል። ከዚያ ዶላር፣ ከዚያ የሚሸጥ ቦታ፣ ከዚያ በጽጌረዳ ያጌጠ «መልካም ሰንበት» ሃያ ጊዜ። ጥያቄው ተቀብሮ ይቀራል። አደይ አበባ ፈክቶ ንቡ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ደግሞ ይብሳል።

አንድ ቀን ቆረጥኩ። ከንብ ውጭ የተጻፈ ሁሉ ይሰረዛል! ታክሲ ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ ስሰርዝ መዋል ሆነ ሥራዬ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር።

ጥር ላይ አንድ ማታ፣ መቂ አካባቢ ያሉ ጋሼ የምንላቸው አባል ጻፉ። «ጎረቤቴ ለዘር የተወው ሽንኩርት አብቧል። ተባይ ገብቶበት ነገ ጠዋት መድኃኒት...» ሽንኩርት ደግሞ! ሳልጨርሰው ሰረዝኩት።

በማግስቱ እዚያው ሰፈር ያለ ሌላ አባል ፎቶ ላከ። ንቦቹ ቀፎው ደጃፍ ላይ እንደ ፈሰሰ ኑግ ረግፈዋል። አጉልቼ ሳየው ምላሳቸው ወጥቷል። የመርዝ ምልክት ነው፤ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቻለሁ። ቀድሞ ቢሰማ ማታ ንቦቹ ሲገቡ የቀፎውን አፍ ይዘጋ ነበር። ወይ ጎረቤቱን አመሻሽ ላይ እንዲረጭ ይለምን ነበር።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ጽፌ ነበር እኮ፣ ጠፋብኝ። ይሄ ስልክ አርጅቷል» አሉኝ። ስልኩ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አይ ልጄ» ብቻ። ፎቶውን ለላከው ሰው ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ አመሸሁ።

አሁን ግሩፑን በርዕስ ከፍዬዋለሁ። አንዱ ክፍል ስሙ «ቡና ላይ» ነው፤ ኳሱም ዶላሩም እዚያ። ወሬ ሲያመልጣቸው አልሰርዝም፣ «ቡና ላይ እንጨርሰው» እላለሁ። ርጭት የሚል ነገር ካለበት የትም ይጻፍ፣ ከላይ ፒን ይደረጋል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስልኩን የሚሞላ ነገር ጻፉ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ርጭት የለበትም። ቡና ላይ ወሰድኩት።