ከ2025 የመጣው አጎት

የኬጂ 3 ልጆች ያላሰብሽውን ጥያቄ ይዘው ከች ይላሉ። ፋሲካ አልፎ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን አንዱ ተማሪዬ «ሚስ፣ አጎቴ ከአሜሪካ መጣ፤ እነሱ ጋ 2025 ነው!» አለኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ቀን 2017 ይላል። ከዚያማ ጫጫታው ቀለጠ።

አንዷ «እና አጎትህ ነገ የሚሆነውን ያውቃል?» ብላ አፋጠጠችው። ሌላዋ በጣቷ ቆጥራ ቆጥራ «እዚያ ከሄድኩ 13 ዓመት ይሆነኛል፤ ስልክ ይገዛልኛል» አለች። ካርቱን ላይ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚወስድ ማሽን አይተዋል። አውሮፕላን ማለት እሱ ነው አሉ፤ አለቀ።

ረዳት መምህርቷ «ተያቸው፣ ሲያድጉ ይገባቸዋል» አለችኝ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጉጉት በየቀኑ አይገኝም ባይ ነኝ። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ስለ ዘመን ብታወሪላቸው ጆሯቸው ላይ አይቆምም፤ በአካል ማየት አለባቸው። ግቢ አወጣኋቸውና 20 ልጆች አሰለፍኩ። አንዱ ከፊተኛው ልጅ ጀምሮ ይቆጥራል። አንዷ ደግሞ 8 ልጆች ዘላ «አንድ» ብላ ትጀምራለች። መጨረሻ የቆመው ልጅ ጋ ሲደርሱ እሱ «20!»፣ እሷ «12!» አሉ። ልጁ ግራ ገባው። «ሚስ፣ እኔ ስንት ነኝ?»

«አንተ ያው አንተ ነህ!» ብለው ሳቁበት።

ቀኑም እንዲሁ ነው አልኳቸው። እዚያም ዛሬ ነው፣ እዚህም ዛሬ ነው፤ የተለያየው ቆጠራ የጀመርንበት ነው። (ለትልልቆቹ፦ ክርስቶስ ሰው የሆነበትን ዓመት በተመለከተ የእኛ አቆጣጠር የእስክንድርያውን መነኩሴ የአንያኖስን ስሌት ይከተላል፤ የፈረንጆቹ ደግሞ በነሱ በ525 መነኩሴው ዲዮናስዮስ ያወጣውን።)

«ግን የእውነት ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል?» አለች ያቺው ስልክ ፈላጊ። ልጅ ናት ተብሎ አይዋሽም። እስካሁን ማንም ሄዶ አያውቅም አልኳት። ማየት ግን ይቻላል። የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አሁን የሚያሞቀን ቅድም የተነሳው ነው። ቁጥሩ ለ5 ዓመት ልጅ ምኑም አይደል። ስለዚህ ስልኬን ከ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በኋላ እንዲጮህ ሞላሁና «ብርሃን አሁን ከፀሐይ ተነሳ፤ እንጠብቀው» አልኩ። ፀሐይዋን ቀና ብሎ ማየት ክልክል ነው፤ የምናየው መሬት ላይ ያለውን ጥላችንን ነው።

ተቁነጠነጡ። አንዱ «የት ደረሰ?» ይላል ትንሽ ቆይቶ፣ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ። ሌላው ጫማውን አውልቆ የድንጋዩን ሙቀት በእግሩ ይለካል። ስልኩ ሲጮህ «መጣ! መጣ!» ብለው ግቢውን አናወጡት። ጥበቃው ጋሼ ምን መጣ ብለው ዱላቸውን ይዘው ሮጡ።

በማግሥቱ አንዲት እናት በር ላይ ያዘችኝ። «ሚስ፣ ምንድነው ያስተማርሻቸው? ጠዋት ተነስ ስለው ‹ብርሃኑ ገና መንገድ ላይ ነው፣ 8 ደቂቃ ጠብቂ› ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበብኝ።»