ያልታመመው እጅ

ለእጅ ቀዶ ሕክምና የነርቭ ብሎክ (ነርቩ አጠገብ ተወግቶ እጅን የሚያደነዝዝ መርፌ) ስንሰጥ ከሚያስጨንቁን ነገሮች አንዱ ብሎኩ ሌሊት ላይ መልቀቁ ነው። ማደንዘዣው ቡፒቫኬይን ብቻውን ሕመምን የሚያስታግሰው በግምት 12 ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የተወጋ ታካሚ ሕመሙ የሚቀሰቀሰው ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ መድኃኒት እንጨምራለን፤ ብዙ ጊዜ እስከ 20 ሰዓትና ከዚያም በላይ ያቆየዋል። እኔ ነርቩ አጠገብ ከመውጋት ይልቅ በደም ሥር መስጠትን እመርጣለሁ፤ ውጤቱ ተቀራራቢ ነውና።

አንድ አዛውንት የእጅ አንጓቸው አጠገብ አጥንታቸው ተሰብሮ መጡ። በአልትራሳውንድ እየተመለከትኩ ከአንገት አጥንት በላይ 20 ሚሊ ሊትር 0.5 በመቶ ቡፒቫኬይን ወጋኋቸው፤ በደም ሥር ደግሞ 8 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ሰጠኋቸው። አጥንቱ በብረት ተጠግኖ፣ ግማሽ ጀሶ ተደርጎላቸው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ማታ ስጎበኛቸው፣ «እጄ የእኔ አልመስል ብሎኛል፤ ግን ቅንጣት ሕመም የለኝም። ተባረክ ልጄ» አሉኝ።

ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ደወለች። «ዶክተር፣ ምንም አያማቸውም። ጣቶቻቸው ግን ቀዝቅዘዋል፤ ጥፍራቸውን ተጭኜ ስለቀውም ቀለሙ ቶሎ አይመለስም።»

ይህ ከአልጋ የሚያስነሳ ቃል ነው። ብሎክ የተሰጠው እጅ የደም ሥሮቹ ስለሚሰፉ ይሞቃል እንጂ አይቀዘቅዝም። ከአጥንት ሐኪሙ ጋር ስንደርስ ጣቶቹ አብጠዋል፤ ፋሻውም ቆዳው ውስጥ ሰምጧል። ፋሻውን ከሥሩ ካለው ጥጥ ጋር ከላይ እስከ ታች ቀደደው፤ ጀሶውንም አላቀቀው። ጥቂት ቆይቶ ጥፍሮቹ ቀሉ። ክንዱን ሲዳብሰው ጡንቻው ለስላሳ ነበር፤ ሁላችንም ተነፈስን።

ስለ ተጨማሪ መድኃኒቶች ስንወያይ የምናነሳው ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለው ሌላው ማራዘሚያ የልብ ምትን እንደሚቀንስ፣ ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን እንደሚጨምር ነው። ትክክል ነው። ረጅሙ መደንዘዝ ራሱ የሚሸፍነውን ግን እምብዛም አንነጋገርበትም። ጀሶ ሲጠብቅም ሆነ ኮምፓርትመንት ሲንድረም (በጡንቻው ውስጥ ግፊት ጨምሮ ደም እንዳይደርሰው የሚያደርግ አደጋ) ሲጀምር ቀድሞ የሚጮኸው ሕመም ነው። ያንን ጩኸት ለ20 ሰዓት ዝም ካሰኘነው በምትኩ የሚያይ ዓይንና የሚዳስስ እጅ ማቆም አለብን። እኚያን አዛውንት ያተረፋቸው «አያመኝም» የሚለውን መልስ ሰምታ ያላለፈችው ነርስ ትጋት ነው።

አሁን በታካሚው ማኅደር ላይ የተጨመረውን መድኃኒት፣ መጠኑንና ብሎኩ ይለቃል ተብሎ የሚጠበቀውን ሰዓት በጉልህ እንጽፋለን። የጣቶቹ ቀለም፣ ሙቀትና እብጠት ሌሊቱን በሙሉ ይታያል። የሚዋጠው ማስታገሻም ብሎኩ ሳይለቅ ይጀመራል፤ ሕመሙ ሲመለስ በኃይል ነውና። ክንዱ የተጨፈለቀ ወይም በከባድ አደጋ የተሰበረ ታካሚ ሲመጣ ግን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር አስቀድሜ እመክራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ማራዘሚያውን ትቼ ቶሎ የሚለቅ ማደንዘዣ እመርጣለሁ።