ቀና ስል ሮም፣ ጎንበስ ስል በርሊን

ሮም በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንገቴ ተያዘ። ቀልዴን አይደለም። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ወደ ግራ መዞር አቃተኝ። የአክስቴ ልጅ «ብርድ መቶህ ነው» ብላ ቪክስ አሸችኝ። ምክንያቱን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቅብ ሳይ ነው የዋልኩት። ሮም ውስጥ ለመታየት የተሠራ ነገር ሁሉ ከሰው ራስ በላይ ነው። ጉልላቱ፣ ዓምዱ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ጄኔራል፣ አናቱ ላይ መስቀል የተተከለበት የግብፅ ድንጋይ።

ይሄ የግብፅ ድንጋይ ነገር ገርሞኛል። ሮም ውስጥ 13 ጥንታውያን ኦቤሊስኮች፣ አናታቸው የሾለ ረጃጅም የድንጋይ ዓምዶች፣ ቆመዋል። ግብፅ ራሷ ይህን ያህል የቆመ ኦቤሊስክ የላትም። ትልቁ ላተራኖ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ነው፤ ድንጋዩ ብቻ 32 ሜትር ይሆናል። ካርናክ ከሚባለው ቤተ መቅደስ ተነቅሎ በ357 ሮም ገባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ድንጋዮቹ ላይ የተጻፈውም እንደዚያ ነው።) ድል ያደረገ ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባባት ከተማ ናት ማለት ይቻላል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን አንዱን ትንሽዬ ነው። ፓንቴዮን ጀርባ፣ ሚኔርቫ አደባባይ ላይ፣ አንድ የእብነ በረድ ዝሆን ኦቤሊስክ ጀርባው ላይ አዝሎ ቆሟል። ቀራፂው በርኒኒ የነደፈው ነው፤ የቆመው በ1667። ዝሆኑ ኩምቢውን አጣሞ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ፣ «ይሄን ነገር ማን ነው የጫነብኝ?» የሚል ይመስላል። ሮማውያን «የሚኔርቫ ጫጩት» ይሉታል። ዝሆንን ጫጩት ብሎ የሚጠራ ሕዝብ አለመውደድ ይከብዳል።

የዝሆኑ ሸክም ወንድም አለው። ሁለቱም ጥንት በዚያው ሰፈር ከነበረው የኢሲስ ቤተ መቅደስ የወጡ ናቸው። ወንድሙ በ1883 ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ። ዛሬ ያለው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። እሱን ፍለጋ መሄዳችን ነው ጉዞዬን ሁሉ መልክ ያስያዘው።

የአክስቴ ልጅ ሮም ስትኖር 18 ዓመቷ ነው። አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች፤ አብራ ታድራለች። የራሷ ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። ሐሙስ ከሰዓት እንደ ብዙው የሮም ሐበሻ ቴርሚኒ ትመጣለች። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» እንደማለት ነው። ጓደኞቿን የምትቀጥረው እዚያ ነው፤ እንጀራ የሚገዛውም፣ ወሬ የሚሰማውም እዚያው አካባቢ ነው።

«እነዚህ አምስት መቶዎች እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«የአውቶቡስ ቁጥር ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

አልፈረድኩባት። አደባባዩ በአውቶቡስ የተሞላ ነው። አምስት መቶዎቹ ግን በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወታደሮች ናቸው። ሬሳቸው ሳይፈርስ፣ በዚያው ዓመት፣ መንግሥታቸው አሁን የነገርኳችሁን ኦቤሊስክ ጣቢያው ፊት አቆመላቸው። አደባባዩም በቁጥራቸው ተሰየመ። ፈርዖኑ ራምሴስ 2ኛ ስሙን ያስቀረጸበት ድንጋይ አሉላ ለገደላቸው ሰዎች መታሰቢያ ሆነ። ታሪክ አንዳንዴ የሚገጣጥመውን ነገር ሰው ቢፈጥረው ማንም አያምነውም።

ኦቤሊስኩ አሁን አደባባዩ ላይ የለም። በ1920ዎቹ ወደ ጎን፣ ወደ አንድ አነስተኛ የአትክልት ቦታ አዛውረውታል። ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እሷ 18 ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፋለች። ሥሩ ደረስን። ዛፎቹ ግማሹን ሸፍነውታል። ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ ሻንጣውን ተንተርሶ ተኝቷል። ግርጌው ላይ የሟቾቹ ስም ተደርድሯል። ማንም አያነበውም። እኛ አነበብን።

ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ ታስሮ የነበረውም እዚሁ ነው። በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ የቆመውን አንበሳ ወራሪዎቹ ነቅለው አመጡትና ከዚህ ኦቤሊስክ ሥር አስቀመጡት፤ ለዶጋሊ ሟቾች ደም መካሻ መሆኑ ነው። በ1938 ዘርአይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚህ ነው። ታሪኩን ትምህርት ቤት የሰማ ሁሉ በልቡ የሣለው ሥዕል ይኖረዋል። እኔ የሣልኩት ቦታ ሰፊ ነበር፤ ሕዝብ ግጥም ያለበት፣ ወለሉ እብነ በረድ። እውነተኛው ቦታ ግን የኛ ሰፈር ኳስ ሜዳ ግማሹን አይሞላም። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ ቤቱ ተመልሷል። እዚህ ስለ እሱ የሚናገር ምልክት ፈለግሁ፤ ዓይኔ አላገኘም።

የአክስቴ ልጅ ዝም አለች። ብዙ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ቆይታ «እስከ ዛሬ እኛ እዚህ የምንቀጣጠረው በነሱ ስም ነው በለኛ» አለች። ከዚያ ቡና ልጋብዝህ ብላ ወሰደችኝ።

በማግሥቱ ብቻዬን ፖርታ ካፔና ሄድኩ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ድንጋይ ከአክሱም ተጓጉዞ እዚህ ሲተከል፣ ከጀርባው የታሰበው ሕንፃ ቅኝ ግዛቶቹን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነበር። ኋላ የተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅት ገባበት። ጣሊያን ሐውልቱን እመልሳለሁ ብላ የፈረመችው በ1947 ነው። የመለሰችው በ2005። በመካከሉ መብረቅ ሁሉ መታው። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ገባ፤ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ።

አሁን ቦታው ላይ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፤ በአሜሪካው የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ። መኪና ይከንፋል። እኔ ግን ያየሁት የሌለውን ነገር ነው። ቆሜ 24 ሜትር ባዶ አየር ለካሁ። አንገቴን ያመመኝ እዚያ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስለ ቬኔሲያ አደባባይ ብዙ አልልም። ነጩን የቪክቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሐውልት ፎቶ ላይ ያላየው የለም። ሮማውያን «የጽሕፈት መኪናው» እያሉ ያሾፉበታል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የንጉሡ የነሐስ ፈረስ ከመመረቁ በፊት፣ ሃያ ያህል ሰዎች ሆዱ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ጠጥተዋል። ፎቶው አለ። አደባባዩ ጥግ ላይ ደግሞ ሙሶሊኒ የሚደሰኩርባት ሰገነት አለች። በጣም ትንሽ ናት። ጥቅምት 2 ቀን 1935 ኢትዮጵያን መውረሩን ያወጀው ከዚያች ላይ ሆኖ ነው። በማግሥቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ያ ንግግር ሰገነቱ ላይ አልቀረም። በሜትሮ ወደ ደቡብ፣ ኤኡር የሚባል ሰፈር ወረድኩ። ፋሺስቶቹ ከባዶ የጀመሩት ሰፈር ነው። መሀሉ ላይ «ካሬው ኮሎሴዎ» የሚሉት ነጭ ሕንፃ አለ። ስድስት ረድፍ ቅስት፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ዘጠኝ። ሐቁን ልናገርና ያምራል። በጣም ያምራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቅስቶቹ ውስጥ ስትገባ ጥላው እንደ ንድፍ ይወድቃል። አናቱ ላይ በአራቱም ጎን በትላልቅ ፊደላት ተጽፏል፤ የገጣሚዎች፣ የአርቲስቶች፣ የጀግኖች፣ የቅዱሳን፣ የአሳቢዎች፣ የሳይንቲስቶች፣ የመርከበኞች፣ የባሕር ማዶ ተሻጋሪዎች ሕዝብ። ጽሑፉ የተወሰደው ከዚያው ከጥቅምት 2ቱ ንግግር ነው። ዛሬ ሕንፃው የፌንዲ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ቦርሳ ይነደፍበታል። ሥሩ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ አየሁ። ፎቶ አንሺው እኔን ከኋላቸው እንድወጣለት በእጁ ጠቆመኝ። ወጣሁለት።

ጣሊያኖች ነገር ሲዘበራረቅባቸው «ኬ አምባራዳን!» ይላሉ። ከአምባ አራዶም ውጊያ የመጣ ቃል ነው። የአክስቴ ልጅ የምትጠብቃት አሮጊት ቁም ሣጥኗ ሲዝረከረክ ትለዋለች አሉ። የኛ ተራራ እዚያ የዝርክርክ ልብስ ስም ሆኖ ይኖራል።

ከሮም ቀጥሎ ቡዳፔስት ነበርኩ፤ ያደርኩት አንድ ሌሊት ነው። ፓርላማቸው ዳኑብ ዳር ነው፤ ጉልላቱ 96 ሜትር። ሃንጋሪዎች አገራቸው የተመሠረተችው በ896 ነው ስለሚሉ ቁጥሩ ታስቦበት ነው። በልማዴ አንገቴን ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ከዚያ በወንዙ ዳር ትንሽ ወደ ደቡብ ስሄድ እግሬ ሥር ጫማ አየሁ።

60 ጥንድ የብረት ጫማ ነው። የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃን። ተረከዙ የተንጋደደ፣ ማሠሪያው የተፈታ። አንዳንዱ ዳኑብ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ የሃንጋሪ ፋሺስቶች አይሁዶችን እዚህ አሰልፈው፣ ጫማቸውን አስወልቀው፣ ተኩሰው ወንዙ ውስጥ ይጥሏቸው ነበር። ጫማ ይሸጣላ። በ2005 የተሠራ መታሰቢያ ነው። ዓምድ የለው፣ መቆሚያ የለው። ለማየት መቀመጥ አለብህ። ተቀመጥኩ። አንዷ የሕፃን ጫማ ውስጥ ሰው ከረሜላ ጥሎበት ሄዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራዬን ረሳሁት።

በርሊንም ቀና የሚያስብል አላጣችም። የድል ዓምዷ አናት ላይ በወርቅ የተለበጠች ሴት ክንፏን ዘርግታ ቆማለች። ዓምዱን የከበቡት ከዴንማርክ፣ ከኦስትሪያና ከፈረንሳይ የተማረኩ የመድፍ አፈሙዞች ናቸው። ሮምን አይተን መጥተናል፤ ገባን። አለፍኩት።

ሌላው የበርሊን ነገር ግን ወደ ታች ነው። ቤበል አደባባይ ላይ ስትሄድ ሰዎች ክብ ሠርተው መሬት ያያሉ። ዕቃ የጠፋባቸው ነበር የመሰለኝ። ወለሉ ላይ መስኮት አለ። ውስጡ ነጭ መደርደሪያ ነው፤ አንድም መጽሐፍ የለበትም። 20,000 መጽሐፍ ይይዛል። ግንቦት 10 ቀን 1933 ናዚዎች መጽሐፍ ያቃጠሉት እዚህ ነው። ሚካ ኡልማን የሚባል የእስራኤል ቀራፂ በ1995 ሠራው። መስታወቱ ተጭሯል፤ ጉም ይይዘዋል። ካላጎነበስክ አይታይም። ደጋግሜ ጎነበስኩ።

ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ኖየ ቫኸ አለ። የጥበቃ ቤት የነበረ ሕንፃ ነው። ባዶ አዳራሽ፣ መሀሉ ላይ አንዲት እናት የሞተ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ የኬቴ ኮልቪትዝ ሥራ ነው፣ አጉልተው የቀረጹት። ኮልቪትዝ ልጇን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀብራለች። ጣሪያው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። በነበርኩበት ቀን ያካፋ ነበር። ዝናቡ የሚወርደው እሷ ላይ ብቻ ነው። እኛ ዳር ዳሩን ቆመን ደርቀናል። አጠገቤ ያሉት አሮጊት በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አጉተመተሙ። አልገባኝም፤ ግን «አይ እናት!» ያሉ መሰለኝ።

2,711 የኮንክሪት ድንጋይ ያለበትን፣ ናዚዎች ለገደሏቸው አይሁዶች የተሠራውን ትልቁን መታሰቢያም ገባሁበት። ጠልቀህ ስትሄድ ድምፅ ይጠፋል፤ መሬቱ ይወርዳል። ጥሩ ነው። ወጣቶች ግን ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ፣ ሴልፊ ይነሳሉ። ልቆጣ አሰብኩና ያቺን ሙሽራ አስታወስኩ። ተውኩት።

በመጨረሻው ቀን ካረፍኩበት ቤት ስወጣ የጫማዬ ማሠሪያ ተፈታ። ላስር ቁጢጥ ስል፣ ከንጣፉ ድንጋይ መሀል አሥር በአሥር ሴንቲሜትር የሆነ ናስ ይብለጨለጫል። አራት ቀን ሙሉ ስረግጠው ኖሬያለሁ። «እዚህ ይኖር ነበር» ይላል። ስም፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተጋዘበት ቀን፣ አውሽቪትዝ፤ የናዚዎች የመግደያ ካምፕ። ጉንተር ዴምኒግ የሚባል ጀርመናዊ አርቲስት ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሲተክላቸው ኖሯል፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሆነዋል። ስሙ የተጻፈው ሰው በፈቃዱ መጨረሻ የኖረበት ደጃፍ ላይ ነው የሚተከለው። በግድ የሚታይ ነገር አይደለም። ማሠሪያዬ ባይፈታ ሳላየው አገሬ እገባ ነበር፤ ልክ የአክስቴ ልጅ 18 ዓመት በዚያ ኦቤሊስክ አጠገብ እንዳለፈችው።

እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከሮም የተላከ ፎቶ ነው። አምስት ሴቶች ነጠላ ለብሰው፣ ከኋላቸው ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ ደግሞ የራምሴስ ድንጋይ ጫፍ። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤

«ከዛሬ ጀምሮ ቀጠሯችን አሉላ ጋ ነው። ቺንኴቼንቶ ያለ ቡና ይከፍላል።»