የቴምብር ዋተርማርክ ፍለጋ፣ ሦስተኛ ወር

ቅዳሜ ማታ ዋተርማርኩን በመጨረሻ አየሁት! ቴምብሩን ጥቁር መተርኮሻ ውስጥ በፊቱ ደፋሁትና ሁለት ጠብታ የላይተር ቤንዚን ጣል አደረግኩበት። የዘውድ ግማሽና አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጀርባው ላይ ብቅ አሉ። ለጥቂት ሰከንድ ቆዩና ጠፉ። ድጋሚ ነከርኩት። ፊደሉ መጀመሪያ ዲ መሰለኝ፣ ቀጥ ያለው መስመር ግን የለም። ለካ «ሲ» ናት፣ አፏን ወደ ግራ ከፍታ። ከጀርባ ሲታይ ፊደሉ እንደ መስታወት ውስጥ ተገልብጦ እንደሚመጣ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ እስካየው ድረስ ግን አልገባኝም ነበር።

አዲስ ለመጣችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዋተርማርክ የታተመ ነገር አይደለም። ወረቀቱ ሲሠራ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ የሽቦ ቅርጽ ያለበት ሲሊንደር ይሄድበታል። ሽቦው የነካው ቦታ ይሳሳል። ቤንዚን ሲነካው ደግሞ ከሥር ያለው ጥቁር በሳሳው በኩል ጎልቶ ይታያል። ውሃ አትሞክሩ፣ ሙጫውን ይዞት ይሄዳል።

አሁን የያዝኩት አጎቴ ናይሮቢ ሳለ ገዝቶ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጣቸውን ነው። ከነሱ መሃል ሁለት «ኢስት አፍሪካ ኤንድ ዩጋንዳ» የሚሉ ባለ 1 አና (ያኔ የነበረ ሳንቲም፣ የሩፒ አንድ አሥራ ስድስተኛ) የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ቴምብሮች አሉ፤ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ፣ ግራጫና ቀይ። አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው በፊት በኩል ምንም ልዩነት ላገኝባቸው አልቻልኩም። አንዱ የ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ወረቀት ነው፣ ሌላው ከ1904 ጀምሮ የመጣው። የመጀመሪያው ላይ አንድ ዘውድ ከሥሩ «ሲ ኤ» (የቅኝ ግዛቶቹን ቴምብር ያሳትም የነበረው የ«ክራውን ኤጀንትስ» ምህጻር) ይዞ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛው ላይ ዘውዱና ፊደሎቹ አነስ ብለው ሉኩን በሙሉ እየተደጋገሙ ስለሚሄዱ፣ እያንዳንዱ ቴምብር ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ከዘውዱ ጫፍ፣ ከ«ኤ» አንድ እግር፣ ምናልባት ሙሉ «ሲ»። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያባከንኩት ሙሉ ሥዕል ስጠብቅ ነው። ካታሎግ ላይ ሙሉውን ስለሚያሳዩን ይመስለኛል። አሁን ግን ቁርጥራጩን በእርሳስ ወረቀት ላይ እስለዋለሁ፣ ከዚያ ነው ካታሎግ የምከፍተው። ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ቴምብር ለየሁ።

ከ1921 ወዲህ ደግሞ ፊደሎቹ የእጅ ጽሑፍ መስለው ዘንበል ብለዋል። ይሄ በጣም ይረዳል። የጆርጅ አምስተኛ ቴምብር ከሆነ የ«ሲ»ዋን ጅራት ብቻ አይታችሁ የ1912ቱን ወረቀት ከ1921ዱ መለየት ትችላላችሁ።

አንድ ስህተቴንም ልንገራችሁ፣ ማንም እንዳይደግመው። አንድ የኤደን (የየመኗ ወደብ) ቴምብር ላይ ክብ ጥላ አየሁና የማላውቀው ዋተርማርክ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት አብሬው ኖርኩ። ከአልበም ላይ ሲላጥ የተጎዳ ቦታ ነው የነበረው። አሁን በአጉሊ መነፅር ሳየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የተላጠው ቦታ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ነው፣ ባትሪ በጎን ሲበራበት ጭረቱ ይታያል። የሽቦ መስመር ግን ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ እኩል ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ወረንጦ፣ ጥቁር መተርኮሻ፣ ቤንዚን፣ አጉሊ መነፅር። ስልኬን ከላይ አድርጌ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ምልክቱ ቶሎ ስለሚጠፋ በኋላ ቪዲዮውን እያቆምኩ አየዋለሁ። ቤንዚኑ እየደረቀ ሲሄድም አንዳንዴ ለአፍታ ተመልሶ ይወጣል፣ ስለዚህ ቶሎ አታንሱት። ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ላይ ግን ምልክቱ ቤንዚን ውስጥም ቢሆን ለማየት ያስቸግራል። መስኮት ክፈቱ። ቡና እየፈላ፣ ከሰል እየነደደ ባለበት ቤት ደግሞ በጭራሽ! አንዳንድ ቀለም በቤንዚን ሊለቅ ስለሚችል ውድ ቴምብራችሁን የመጀመሪያ መለማመጃ አታድርጉ።

የራሳችንንም ሞክሬአለሁ። በ1894 ፓሪስ የታተሙት የምኒልክ ቴምብሮች ዋተርማርክ የላቸውም፣ እኔ ግን ይሄን ሳላነብ አንድ ምሽት ሙሉ ስፈልግባቸው አመሸሁ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ የወጡ አንዳንዶቹ ግን አላቸው፤ ኮከብና የአማርኛ ፊደል፣ እየተደጋገመ። ካታሎግ ላይ ሳየው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የራሳችን ፊደል፣ ወረቀቱ ውስጥ ተሸሽጎ!

ትናንት አንዱን ነከርኩት። የኮከቡ አንድ ጫፍ ጥርት ብሎ ወጣ። አጠገቡ ያለው ፊደል ግን በቴምብሩ ጥርስ ተቆርጧል፣ የቀረው አንድ እግርና ትንሽ መታጠፊያ ነው። ከዚያው ዓይነት አሥራ አንድ አሉኝ። የእያንዳንዱን ቁራጭ ስዬ ፊደሉን እስክገጣጥመው ድረስ በየምሽቱ ሁለት ሁለት እነክራለሁ። ሥዕሎቹን በሚቀጥለው ወር ይዤ እመጣለሁ።