ፈገግ እያሉ መዋጥ

የአስተናጋጅ እግር ማበጡ ይለመዳል። ማታ ለብ ባለ ውሃና ጨው ትነክሪዋለሽ፣ ጠዋት ጫማው ውስጥ ይገባል። እኔን የሚጨርሰኝ ሌላ ነው። እየተሰደቡ ፈገግ ማለት።

ጭብጨባ አያስከፋኝም። ትልልቅ ሰዎች ድሮም አስተናጋጅ የሚጠሩት አጨብጭበው ነው፣ ንቀት የለበትም። የሚያበግነኝ በመኪና ቁልፍ ብርጭቆ የሚመታው ነው። ደግሞ "ስልክሽን ካልሰጠሽኝ ቲፕ የለም" የሚል አለ። ቀልድ ነው ይለኛል፤ እጄን ግን አይለቅም።

ዓርብ ይብሳል። ግማሹ ቤት ጾም፣ ግማሹ ጥብስ ያዛል፤ ሁሉም የሚወጣው ከአንድ ወጥ ቤት ነው። ባለፈው ወር አንድ ዓርብ አንድ ጋሼ በያይነቱ አዘዙ። ሽሮውን ጨረሱ። ምስሩንም፣ ክኩንም። ጎመኑ ጋ ሲደርሱ "ይሄ ቅቤ አለው!" ብለው ብድግ አሉ። "ጾሜን አስገደፋችሁኝ!" ቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። የጾሙ ድስት ለብቻው ነው፣ ማማሰያው እንኳን የተለየ ነው ብዬ ላስረዳ ስል፣ "አንቺ ስለ ጾም ምን ታውቂያለሽ?" አሉኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም።

"ይቅርታ ጋሼ" አልኩ፣ ፈገግ ብዬ። ጉንጬ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኝ ነበር። ማናጀሩ መጣ፤ እኔን አንድ ቃል ሳይጠይቅ "ሒሳቡን ይተዉት" አላቸው። ቤቱ የተወው መስሎኝ ነበር። ወር ሲያልቅ ከደሞዜ ተቆርጦ አገኘሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳይከፍል የወጣ ሰው ሒሳብ በአስተናጋጇ፣ የተሰበረ ብርጭቆ በአስተናጋጇ። አንዲት ጠበቃ ደንበኛ አለችኝ፣ እሷ ናት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በስልኳ ያሳየችኝ። ከደሞዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የሥራ ደንብ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም ፍርድ ቤት ካለ ነው፤ ካልሆነም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ። ያም ሆኖ ከወሩ ደሞዝ ሲሶ አይበልጥም። እኔ የፈረምኩት ነገር የለም። ዝቅተኛ ደሞዝ ግን አዋጁ ላይ በቁጥር አልተቀመጠም። ስለዚህ የምንኖረው በቲፕ ነው፤ በቲፕ የሚኖር ሰው ደግሞ ተሳዳቢውንም "እሺ ጌታዬ" ይላል።

ደግ ደንበኛም ሞልቷል፣ አልክድም። ግን አንዱ ክፉ የአሥሩን ደግ ያስረሳል።

አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተናል፣ አራታችንም አስተናጋጆች ነን። ድሮ ማታ ማታ ቡና አፍልተን እንስቅ ነበር። አሁን ገብተን ጥቅልል ነው። ቀኑን ሙሉ "ምን ልታዘዝ?" ስትል የዋለች ሰው ማታ ወሬ ከየት ታምጣ? አንዷ ጨጓራዋ ተነሥቶ ሐኪም ቤት ብትሄድ "ንዴት ቀንሺ" ተባለች። ከራሷ የሚመነጭ ይመስል! እኔ ደግሞ እናቴ ስትደውል ማንሣት ትቻለሁ። ድምፄን ሰምታ ነገሩ ይገባታል፣ ከዚያ እሷም እንቅልፍ የላትም።

ሰኞ ለማናጀሩ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ የተቆረጠብኝ እንዲመለስ፣ ለወደፊቱም ደንበኛ ሲጮህ መጀመሪያ እኔን እንዲጠይቀኝ። "ደንበኛ ንጉሥ ነው እኮ" አለኝ። "ንጉሥ ከሆነማ የበላበትን ለምን እኔ እከፍላለሁ?" አልኩት። ሳቀ። "እስኪ እናየዋለን" ብሎ ተቀበለኝ። ኮፒው ላይ አስፈርሜዋለሁ።