ሼቨርኒ የዋልኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ከፓሪስ በባቡር ብሏ ከተማ ወረድን። ሼቨርኒ የሚባለው የድሮ መኳንንት ቤት ከዚያ ቅርብ ነው። ልጄን ይዤው የሄድኩት ታሪክ ይማር ብዬ ነበር። ግቢው ውስጥ እንደገባን ግን "አባዬ፣ የካፒቴን አዶክ ቤት!" ብሎ ጮኸ። አልተሳሳተም። ቲንቲን የሚባለው የልጆች የሥዕል ታሪክ ሰዓሊ ኤርዤ የታሪኩን ካፒቴን ቤት የሳለው ይህንን አይቶ ነው፤ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ትልልቅ ክፍሎች ብቻ ትቷቸዋል። ልጄ እነሱን ሲያይ "እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?" እያለ ተነጫነጨ።

ቤተ መንግሥት እንዳልለው የንጉሥ አይደለም። ምሽግ እንዳልለው ደግሞ ለጦርነት የተሠራ አይመስልም። እንደ ፈረንጆቹ ሻቶ ብለው ይቀለኛል።

እኔን ያስደነቀኝ ንጣቱ ነው። ትናንት ኖራ የተቀባ ይመስላል እንጂ ወደ አራት መቶ ዓመት የተጠጋው ቤት አይመስልም። ድንጋዩ የመጣው ቡሬ ከሚባል ሰፈር ነው (የጎጃሟ አይደለችም!)። ይህ ድንጋይ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይነጣል፣ ይጠነክራልም። የኛ ቤት ግድግዳ በክረምት ዝናብ እንዴት ይጠቁር እንደነበር ትዝ አለኝ።

ያሠሩት ኮንት (የመኳንንት ማዕረግ ነው) አንሪ ኡሮና ባለቤታቸው ማርግሪት ናቸው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1620ዎቹና በ1630ዎቹ። እዚሁ አካባቢ፣ በሎዋር ወንዝ ሸለቆ ያሉት የቀድሞ ሻቶዎች ክብ ማማና የሚጠማዘዝ ደረጃ ነው የሚወዱት። እዚህ ሁሉ ነገር ቀጥ ያለ ነው። ደረጃው ሳይቀር ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይወጣል። መሃል ላይ ደረጃውን የያዘ ቀጭን ክፍል አለ፤ በግራና በቀኙ ሁለት ክንፎች፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ጉልላት የደፉት ሁለቱ ትልልቅ ክፍሎች። እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያ አለው። መሃሉን ብትሰነጥቀው ግራውና ቀኙ መንትያ ነው። በመስኮቶቹ መካከል የሮማ ቄሣሮች ከየክብ ጎድጓዳቸው ብቅ ብለው ያዩሃል። እኔ ትንሽ በዝተውብኛል።

ውስጡ ወርቅና ሥዕል ነው። ንጉሥ ድንገት ቢመጣ ተብሎ የተሰናዳ መኝታ ቤት አለ፤ አልጋው የፋርስ ሐር ጥልፍ ለብሷል። ልጄን ግን የማረከው መቶ የሚጠጉ የአደን ውሾች ያሉበት በረት ነው። ምግባቸው ከፊታቸው ተዘርግቶ ጠባቂያቸው ምልክት እስኪሰጥ ቆመው ይጠብቃሉ። እሱ እራት ላይ እንዲህ ቢጠብቅልኝ!

ያሠራው ቤተሰብ ዛሬም እዚያው ይኖራል። ርስቱ ቤቱ ሳይሠራ ጀምሮ የነሱ እንደነበር ስሰማ "ታድለው፣ ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ሳይለቁት" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ርስቱ ሁለቴ ከእጃቸው ወጥቷል። መጀመሪያ የንጉሥ ዳግማዊ አንሪ ፍቅረኛ የነበረችው ዲያን ደ ፗቲዬ እጅ ገባ፤ የአንሪ ኡሮ አባት ፊሊፕ በ1565 መልሰው ገዙት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተሸጠ። በ1825 ከዚያው ዘር የሆኑት ማርኪ ደ ቪብሬ ገዝተው መለሱት። ያም አልበቃም። የናፖሊዮን ሕግ ውርስ ለልጆች እኩል ይከፈል ስለሚል ብዙ ትልልቅ ርስቶች ተበጣጥሰዋል። ጣሪያ ማደሱ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። እነሱ በ1922 በሩን ለጎብኚ ከፈቱ። የኛ ትኬትም ለጣሪያው ሄዳለች ማለት ነው።

እኛ አምስት ወንድምና እህት ነን። አባታችን ካረፈ በኋላ ደሴ ያለውን ቤት ሸጠን በሁለት ሳምንት ውስጥ ተካፈልን። ያኔ ማንም አላለቀሰም። እኔ በድርሻዬ የአውሮፕላን ትኬት ገዛሁ።

ማታ ስንመለስ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝቶ እህቴ ጋ ደወልኩ። "ቤቱን የገዛው ሰውዬ አሁንም እዚያው ነው?" አልኳት።

"ምነው?"

"እንዲሁ ነው።"

"አፍርሶ ፎቅ ሠርቶበታል እኮ። አልነገርኩህም እንዴ?"