ጄት ሞተር መሬት ሲወርድ፦ ስለ እጥበቱ ማንም አልነገረኝም

ቦሌ ሃንጋር ውስጥ የጄት ሞተር ስጠግን ቆይቼ ነው ሳውዲ፣ በባሕር ዳርቻ ወዳለ የኃይል ማመንጫ የሄድኩት። ቪዛውም፣ ሕክምናውም፣ ሰነድ ማረጋገጡም በወጉ አለቀ። ማሽኑም አልከበደኝም። ኤልኤም6000 የሚባለው ተርባይን ቦይንግ 747-400 ላይ ከሚገጠሙት ሞተሮች አንዱ፣ ሲኤፍ6-80ሲ2 ነው። የፊቱ ትልቁ ፋን ወጥቶለት ዘንጉ ጄነሬተር ያዞራል።

ልዩነቱ አየሩ ላይ ነው። አውሮፕላን አቧራውን ከታች ትቶት ይወጣል። መሬት ላይ ያለው ግን አቧራና የባሕር ጨው ሲምግ ይውላል፤ ማጣሪያ ቢኖርም የሚያልፍ አይጠፋም። ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም በረድፍ በተደረደሩ ብሌዶች (ትንንሽ ክንፎች) አየሩን የሚጨምቀው የፊት ክፍል፣ ሲቆሽሽ አየር ያንሰዋል። ያንኑ ኃይል ለማውጣት ብዙ ጋዝ ይቃጠላል፣ ሙቀቱ ይጨምራል።

አለቃችን ሞተሩን ማቆም አይወድም። እየሠራ ውሃ ይረጭበት፣ ይበቃዋል አለ። አይበቃውም! በሥራ ላይ የሚረጭ ውሃ የሚያጥበው የፊተኞቹን ረድፎች ነው፤ ወደ ኋላ ሳይደርስ ይተናል። ብናገር ብናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። የኮምፕሬሰሩ መውጫ ግፊት ሲወርድ የሚያሳየውን ግራፍ አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «በጋ ስለሆነ ነው» አለኝ። የአየሩን ሙቀት አስልቼ ነበር እኮ የሠራሁት። ይሄ ነገር እስከዛሬ ያበግነኛል።

ኃይሉ ሲጎድል የግዱን ቆመ። እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ በማስነሻው ብቻ እያዞርን ሳሙናውን ረጨን፣ ዘፍዝፈን አቆየነው፣ አለቀለቅነው። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ጥቁር ቡና ይመስል ነበር። ሲጠራ አለቃው «አስነሱ» አለ። እምቢ አልኩ። ውሃው ለዓይን ጠርቷል፤ የኮንዳክቲቪቲ መለኪያው (ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚለካው) ግን ጨው አለበት ይላል። ንባቡ እስኪወርድ ደጋግመን አለቀለቅን። በዚህች እምቢታዬ እኮራለሁ።

ግፊቱ ተመለሰ። ቦሮስኮፑን (ሞተር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ካሜራ) ጋዙ ተቃጥሎ ወደሚያልፍበት ሙቅ ክፍል ስናስገባ ግን የመጀመሪያው ረድፍ የተርባይን ብሌዶች ሽፋናቸው ጠርዝ ጠርዙን ተልጧል። ጨው ከሰልፈር ጋር በዚያ ሙቀት ሲገናኝ ብረት ይበላል። በጊዜው ብናጥብ ጨው ምን ያህል እያለፈ እንደሆነ ከእጣቢው እናውቅ ነበር፤ ማጣሪያውንም እናስፈትሽ ነበር።

ለምትመጡ ልጆች፦ የጣቢያው መርሐ ግብር በዚህን ያህል ሰዓት እጠቡ ቢልም፣ እኔ የማምነው የግፊቱን ግራፍ ነው። የቧንቧ ውሃ አታስጠጉ፤ ማዕድኑ የወጣለት ብቻ። የኮንዳክቲቪቲ መለኪያውን መሥሪያ ቤቱ ካልገዛ ከኪሳችሁም ቢሆን ግዙት።